አንድ ጆግ ጥሩ ውኃ ለነፊሳ

ኑ እንግዲህ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ያቺን ጣሳ ከመካከል አኑሯት፤ ማንም እንዳይነካት፣ ስጨርስ እፈልጋታለሁ። ዱቄት ይናገራል ወይ፣ ምንጭ ይመልሳል ወይ የሚለኝ ካለ ከአሁኑ ተነስቶ ይሂድልኝ። እኔ የማወራው እንደሰማሁት ነው።

ሾላ ግንድ በሚባል አገር ሰዓዳ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ፣ ቤት የቀሩት እሷና አራት ዓመት የሞላት ልጇ ነፊሳ ነበሩ። ሰዓዳ ከነፊሳ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱንም አፈር አልብሳለች። ስለዚህ ነፊሳ ባስነጠሰች ቁጥር እናቷ ሥራዋን ጥላ ትሮጥ ነበር።

ያን ጊዜ ሰማዩ ጠባዩን ለውጦ ነበር። በልጉ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ መጣና ምድሩን ሳያጠግብ ሄደ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን፣ ሰው ሁሉ ለአጨዳ ማጭዱን ሲስል፣ ዝናቡ ማንም ሳይጠራው መጣ። ሳምንት ሙሉ ዘነበ። ጎርፉ ከራቁቱ ተራራ ተንደርድሮ ወርዶ የወንዙን ድልድይ ይዞት ሄደ፤ ጤና ጣቢያው ከወንዝ ማዶ ቀረ። አገሩ ሁሉ የሚጠጣው የሾላው ምንጭም ጭቃ ሆነ። ከዚያ በኋላ ተቅማጥና ትውከቱ ከቤት ቤት ይገባ ጀመር።

ከሰዓዳም ቤት ገባ። ነፊሳ በአንድ ቀን ዓይኗ ጎደጎደ፤ ስታለቅስ እንባ አጣች። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሰርካለም ጭቃውን እያቦካች መጥታ የልጅቱን የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቆየ።

«አብሽሪ እትዬ ሰዓዳ» አለቻት። «ይህ በሽታ የሚገድለው ሰውነትን አድርቆ ነው። ውኃዋን ከመለስንላት ትድናለች። ይኸው ሦስት ፓኬት ሕይወት አድን ዱቄት። አንዱን ፓኬት በአንዲት ጆግ ንጹሕ ውኃ በጥብጠሽ፣ ቀኑን ሙሉ በማንኪያ በማንኪያ። ይኸው የውኃ ማከሚያ ጠብታም። ወይ አክሚው፣ ወይ አፍዪው። እንዲያው ከምንጩ ቀድተሽ ግን እንዳታጠጫት።»

ሰዓዳ የመጀመሪያዋን ጆግ አፈላች። እንጨቱ ሁሉ ርሶ፣ ኩበቱ ሁሉ ቦክቶ ነበርና የፍየሎቹን በረት መዝጊያ ሰባብራ አነደደችው። ልጅቱ ያችን ጆግ ጠጥታ አደረች። በማግስቱ ጠዋት በጆጉ የቀረው ሦስት ጣት ውኃ ነው። ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር የለም። የጎረቤቱም ቤት እንደዚያው ነው። ሰዓዳ ከዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፣ አንድ ጆግ ጥሩ ውኃ።

«አንቺ ውኃ ፍለጋ ሂጂ» አለቻት በማለዳ የተመለሰችው ሰርካለም፣ ማንኪያውን ከእጇ ተቀብላ። «እኔ አጠገቧ ነኝ። ይቺ እስክታልቅ ግን ብዙ ጊዜ የለንም።»

ሰዓዳ ሁለተኛውን ፓኬት በመዳፏ ይዛ፣ «ዱቄት ሆይ፣ በአላህ፣ ባለው ውኃ ተበጥበጥልኝ» አለችው። ዱቄቱም፣ «በጭቃ ውኃ አልበጠበጥም። በጭቃ ብትበጠብጪኝ የያዛትን በሽታ ደግመሽ ማጠጣት ነው። ሂጂ ጠብታውን ለምኚ» አላት።

ወደ ጠብታው ሄደች። «ጠብታ ሆይ፣ ዱቄቱ አልበጠበጥ አለ፤ ዱቄቱ ባይበጠበጥ የነፊሳ ከንፈር ደረቀ። እባክህ ውኃውን አክምልኝ።» ጠብታውም፣ «የጠራ ውኃ ስጪኝ፣ በግማሽ ሰዓት አክመዋለሁ። ጭቃ ውስጥ ስገባ ግን ጉልበቴን ጭቃው ይጨርሰዋል። አላክምም። ሂጂ ምንጩን ለምኚ» አላት።

ወደ ምንጩ ወረደች። የሾላው ሥር በደለል ተውጧል፤ የምንጩ ዓይን ከጭቃው መካከል ጭል ጭል ይላል። «ምንጭ ሆይ፣ ጠብታው አላክም አለ፤ ጠብታው ባያክም ዱቄቱ አልበጠበጥ አለ፤ ዱቄቱ ባይበጠበጥ የነፊሳ ከንፈር ደረቀ። እባክህ ጥራልኝ።»

«ልጠራማ ማን ይጠላል!» አለ ምንጩ። «እኔ ከሥሬ ንጹሕ ነኝ። ጎርፉ ግን ከላይ የከብቱን እበት፣ ሜዳ ላይ የተጸዳዳችሁትንም ሁሉ እየጠረገ ዓይኔ ላይ ይደፋብኛል። ዱሮ ጎርፉን የሚመልስልኝ ቦይ ነበረኝ። እሱ ካልተከፈተ አልጠራም። ሂጂ ቦዩን ለምኚ።»

ሰዓዳ ሽቅብ ወጣች። ቦዩን ብትፈልገው አጣችው፤ ከምንጩ በላይ ያለው ማሽላ ብቻ ነው። «ቦይ ሆይ፣ ወዴት ነህ?» ብላ ተጣራች። «ምንጩ አልጠራ አለ፤ ምንጩ ባይጠራ ጠብታው አላክም አለ፤ ጠብታው ባያክም ዱቄቱ አልበጠበጥ አለ፤ ዱቄቱ ባይበጠበጥ የነፊሳ ከንፈር ደረቀ። ወዴት ነህ?»

«ከእግርሽ በታች ነኝ» አለ ቦዩ። «ዝናብ ሲጠፋ ጊዜ፣ ጎርፍ በሌለበት አገር ቦይ ምን ይሠራል ተባባላችሁና ደፍናችሁ ዘራችሁብኝ። መጀመሪያ የቅሬው ዳኛ ይማም በሬውን ነዳብኝ። እሱን አይቶ ሁሉም ከየማሳው አንጻር አረሰኝ። እዚያ ጋ ያለችው ሦስት ትልም የባልሽ ናት። እኔ ራሴን አልቆፍርም። ሂጂ ዶማውን ለምኚ።»

ሰዓዳ ትልሞቹን አወቀቻቸው። ባሏ ያረሳቸው ቀን ምሳ ያመጣችለት እሷ ነበረች። ሦስት ትልም ጨመርን ብላ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ማሽላ ላይ ለነፊሳ እሸት ጠብሳላታለች። 

ከቤት የባሏን አሮጌ ዶማ አምጥታ ቆፈረች። እጇ ውኃ እስኪቋጥር ቆፈረች። ቀና ብላ ብታይ የከፈተችው አራት እርምጃ ነው፤ ቦዩ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ደመናው ደግሞ በተራራው አናት እንደገና እየጠቆረ ነው። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። ዶማዋን ጣለችና ወደ ቅሬው ዕቃ ቤት ሮጠች።

ቅሬ ለማታውቁ፣ ሰው ሲሞት አብሮ የሚቀብር፣ አብሮ የሚያለቅስ ማኅበር ነው። የሾላ ግንድ ቅሬ አሥራ ሁለት ዶማና አሥር አካፋ ነበረው፣ መቃብር መቆፈሪያ። ሰዓዳ በመዝጊያው ስንጥቅ አፏን አድርጋ፣ «ዶማ ሆይ፣ ቦዩ አልከፈት አለ፤ ቦዩ ባይከፈት ምንጩ አልጠራ አለ፤ ምንጩ ባይጠራ ጠብታው አላክም አለ፤ ጠብታው ባያክም ዱቄቱ አልበጠበጥ አለ፤ ዱቄቱ ባይበጠበጥ የነፊሳ ከንፈር ደረቀ። እባክህ ውጣልኝ» አለችው። ዶማውም ከጨለማው ውስጥ፣ «እኔ የቅሬ ዶማ ነኝ። ቅሬው ካልተነሳ አልወጣም። ሂጂ ቅሬውን ለምኚ» አላት።

የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይማም ከማሳው ጥግ ቆሞ አጫጆቹን ያጣድፋል። ሰዓዳ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ደረሰች። «ጋሼ፣ ዶማው አልወጣ አለ፤ ዶማው ባይወጣ ቦዩ አልከፈት አለ፤ ቦዩ ባይከፈት ምንጩ አልጠራ አለ፤ ምንጩ ባይጠራ ጠብታው አላክም አለ፤ ጠብታው ባያክም ዱቄቱ አልበጠበጥ አለ፤ ዱቄቱ ባይበጠበጥ የነፊሳ ከንፈር ደረቀ። ቅሬውን ያስነሱልኝ።»

«አላህ ያሽርልሽ ልጄ» አለ ጋሽ ይማም። «ግን ሕጉን ታውቂው የለ? ቅሬ የሚነሳው ጥሩንባ ሲነፋ ነው። ሰው ሁሉ ዝናቡ ሳይደርስ እህሉን ለማንሳት ሩጫ ላይ ነው፤ በየማሳው እየዞርሁ ማንን ልለምን? ያለ ጥሩንባ ብጠራቸው አንድም ሰው አይመጣ።»

«ቦዩ ላይ የቆመው ማሽላ የእርስዎም ነው፣ ጋሼ።»

 ጋሽ ይማም በጫማው ጫፍ አፈሩን ቆፈር ቆፈር አደረገ። «ሂጂ ጥሩንባውን ለምኚ» አለና ፊቱን ወደ አጫጆቹ መለሰ።

ጥሩንባ ነፊው ጋሽ እብሬ ይባላል። ከስድስት ቀን በፊት ለገዛ የልጅ ልጁ ነፍቷል፤ ያንንም ልጅ የወሰደው ይኸው በሽታ ነው። ሰዓዳ ስትገባ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጥሩንባው ከራሱ በላይ በሚስማር ተሰቅሏል። ሰዓዳ ሽማግሌውን አለፈችና ቀጥታ ወደ ግድግዳው ቀና አለች።

«ጥሩንባ ሆይ፣ ቅሬው አልነሳ አለ፤ ቅሬው ባይነሳ ዶማው አልወጣ አለ፤ ዶማው ባይወጣ ቦዩ አልከፈት አለ፤ ቦዩ ባይከፈት ምንጩ አልጠራ አለ፤ ምንጩ ባይጠራ ጠብታው አላክም አለ፤ ጠብታው ባያክም ዱቄቱ አልበጠበጥ አለ፤ ዱቄቱ ባይበጠበጥ የነፊሳ ከንፈር ደረቀ። በአላህ፣ ጩህልኝ።»

«እኔ የምጮኸው ሰው ሲሞት ነው» አለ ጥሩንባው። «ሰው ካልሞተ አልጮህም። ሂጂ ሞትን ለምኚ።»

ሰዓዳ ባለችበት ቀረች። ሞት የት እንዳለ መፈለግ አላስፈለጋትም። እሷ ቤት ነው ያለው፤ ከነፊሳ ምንጣፍ ግርጌ ተቀምጦ የሰርካለምን ማንኪያ ይቆጥራል። ደግሞ እሱ እንደሌሎቹ ወደ ማንም አይመራትም። ብትለምነው ገና ቃሏን ሳትጨርስ እሺ ይላታል። ያን ጊዜ ጥሩንባው ይጮሃል፤ ጥሩንባው ሲጮህ ቅሬው ይነሳል፤ ቅሬው ሲነሳ ዶማው ይወጣል፤ ዶማው ሲወጣ መሬቱ ይከፈታል። ሁሉም ነገር ይሆንላታል። የሚከፈተው ግን ቦይ አይደለም፣ የነፊሳ ጉድጓድ ነው፤ ርዝመቱም ክንድ ተስንዝር ነው።

«አልለምነውም!» ብላ ጮኸች። «እሱንስ አልለምነውም!»

እጇን ሰድዳ ጥሩንባውን ከሚስማሩ አወረደችው።

«ተይ ሰዓዳ» አለ ጋሽ እብሬ። «ሰው ሳይሞት ጥሩንባ የነፋ ከቅሬ ይወጣል። ይህን ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?»

«አውቃለሁ። የልጅ ልጅዎ ጊዜ ቀድመን ብንነፋው ኖሮስ ጋሼ?»

 ሽማግሌው ተነሳና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እኔ ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ያየሁት ነገር የለም» አለ።

ሰዓዳ ወደ ደጅ ወጥታ ነፋች። መጀመሪያ የወጣው ነፋስ ነው። ቀጥሎ የወጣው የታመመ ጥጃ ድምፅ ነው። ሦስተኛውን ልትሞክር ስትል ጋሽ እብሬ እየተንገዳገደ ወጣ። «ኸረ ምን አባቱ! እንዲህ አይነፋም። አምጪው ወዲህ» አለና ከእጇ ነጥቆ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ፣ ሦስት ጊዜ ነፋ። ለሞት የሚነፋውን፣ ረጅሙን።

ከማሳው ማጭድ ተጣለ። ሰዉ ነጠላውን እያጣፋ መጣ፤ አንዳቸውም ማሽላዬን አላሉም። ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ ዶማና አካፋው ወጣ፤ ቃሬዛውም ወጣ። እንደ ደንቡ ከጥሩንባው በኋላ የሟቹ ስም ይጠራል። ጋሽ እብሬ ግን ስም አልጠራም። «የማን ቤት ነው?» ቢሉ ሰዓዳ፣ «ተከተሉኝ» ብላ ቀደመች። ፊቷን ያየ ሁሉ ነገሩ ገባኝ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ተከተላት።

መንገዱ ከሚለያይበት ደረሱ። ግራው ወደ መቃብሩ ነው፤ ቀኙ ወደ ምንጩ አናት። ሰዓዳ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ጋሽ ይማም ቆመ፤ ሕዝቡም ከኋላው ቆመ።

«ልጄ፣ መቃብሩ ወዲህ ነው እኮ።»

«መቃብሩን አውቀዋለሁ ጋሼ። ሁለት ልጆቼ እዚያ ናቸው።»

«የሞተው ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም» አለች ሰዓዳ። «ነፊሳ ናት፣ ገና አልሞተችም። ስትሞት ጉድጓድ ልትቆፍሩላት የመጣችሁበትን ጉልበት ሳትሞት ስጡኝ። ቦዩ ይኸው፣ ከማሽላችን ሥር ነው። ከማሽላዬም ሥር ነው።»

ሰዉ አጉረመረመ። ጋሽ ይማም ፊቱ ጠቆረ። «በቀብር ጥሩንባ ተቀልዶ ያውቃል? ሰው ሳይሞት ያስነፋ ከቅሬ ይወጣል። አንቺ ስትሞቺ ማንም አይቀብርሽም!»

«አትቅበሩኝ!» አለች። እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ። «እኔን ጅብ ይብላኝ ጋሼ። ዛሬ ግን ቆፍሩልኝ። ደመናውን እዩት፣ እየመጣ ነው።»

 ጋሽ እብሬ ጥሩንባውን በማንገቻው ወደ ጀርባው ወርውሮ፣ ከአንዱ ጎረምሳ እጅ ዶማ ተቀበለና ብቻውን ሽቅብ ወጣ። ሰዓዳ ከጀመረችው አራት እርምጃ አጠገብ ደርሶ ዶማውን አነሳ። ያን ሽማግሌ፣ በልጅ ልጁ ላይ አፈር በጫነ በስድስተኛው ቀን ሲቆፍር ያዩት ሰዎች ሊቆሙ አልቻሉም፤ አንድ አንድ እያሉ ተከተሉት። ጋሽ ይማም መጨረሻ ወጣ። ከትልሙ አፋፍ ቆሞ ማሽላውን አየ፤ ዘለላው ከብዶ አንገቱን ደፍቷል፤ ለሦስት ዓመት ያጣው እህል ነው። «ማጭድ አምጡልኝ» አለ። የራሱን ማሽላ በራሱ እጅ አጨደው። ሴቶቹ ደግሞ ወደ ምንጩ ወርደው ደለሉን በባልዲ እየጨለፉ አወጡ።

የመጨረሻው እርምጃ ሲከፈት ዝናቡ ጣል ጣል አለ። ወዲያው ጎርፉ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ዶማውን ተደግፎ ዓይኑን ቦዩ ላይ ተከለ። ጎርፉ እንደለመደው ወደ ሾላው ተንደረደረ፤ ከቦዩ ደረሰ፤ ተገፋ፤ ዞሮም ገደል ገባ።

እንግዲህ አብራችሁኝ በሉ። ጥሩንባው ጮኸ። ጥሩንባው ቢጮህ ቅሬው ተነሳ፤ ቅሬው ቢነሳ ዶማው ወጣ፤ ዶማው ቢወጣ ቦዩ ተከፈተ፤ ቦዩ ቢከፈት ምንጩ ጠራ፤ ምንጩ ቢጠራ ጠብታው አከመ፤ ጠብታው ቢያክም ዱቄቱ ተበጠበጠ፤ ዱቄቱ ቢበጠበጥ የነፊሳ ከንፈር ረጠበ።

ሰዓዳ ምንጩ እስኪጠራ አጠገቡ አድራ፣ አዲሷን ጆግ ይዛ በማግስቱ ማለዳ ስትገባ የመጀመሪያዋ ጆግ ጨርሳ አልቃ ነበር። ሰርካለም ዓይኗ ቀልቶ፣ ባዶዋን ማንኪያ እንደያዘች ተቀምጣለች። ለነፊሳ አንድ ማንኪያ ሰጧት፤ ዋጠች። ሁለተኛውን ሰጧት፤ ዋጠች። ወደ ረፋድ ላይ ነፊሳ ዓይኗን ገልጣ፣ «እማ፣ በጣሳ ስጪኝ። ማንኪያው ትንሽ ነው» አለች። ይህን ሰምታ ሰዓዳ ሳቀች፤ ሳቋም አላልቅ ብሎ ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

በሳምንቱ ዓርብ ከሶላት በኋላ ቅሬው ለፍርድ ተቀመጠ። ጋሽ ይማም ሰዓዳን አላያትም፤ ያየው እብሬን ነው። «የሕጉ ቃል በሐሰት የነፋ ይወጣል ነው። እብሬ፣ ያን ቀን የማንን ስም ጠራህ?»

«የማንንም አልጠራሁ።»

«ስም ካልተጠራ ሐሰት የለም» አለ ጋሽ ይማም። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ቦዩን መጀመሪያ የደፈንሁት እኔ ነኝ ያ ጀመዓ። ሰሞኑን የቀበርናቸውን ልጆች ውኃ ያበላሸሁ እኔ ነኝ። የሚወጣ ካለ እኔ ልውጣ።» አላስወጡትም። የቦዩ ጠባቂ አደረጉት፤ ደመና በጠቆረ ቁጥር ዳር ዳሩን ሄዶ እንዲያይ።

ጥሩንባውም ዛሬ እዚያው ሚስማር ላይ አለ፤ ሕጉ ግን ተለውጧል። ሦስት ጊዜ ከጮኸ ለቀብር ነው፤ አንድ ጊዜ ከጮኸ ለቦይ። ባለፈው ዓመት አንዱ ጩኸት አራት ጊዜ ተሰማ። ሦስቱ ጩኸት የተሰማው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ጋሽ እብሬ ዕድሜ ጠግቦ ባረፈ ጊዜ። ያን ቀን የነፋችው ሰዓዳ ናት፤ አሁን እንደ ጥጃ አትነፋም።

እኔም ነገሬን ጨረስሁ፤ አፌም ደረቀ። ያቺን ጣሳ አቀብሉኝ። ውኃዋ ከየት እንደተቀዳች ግን መጀመሪያ ንገሩኝ።